መተማና የምስል ቅንብር ታሪክ

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የሚመራው የኢትዮጵያ ሠራዊትና በዘኪ ጡማል የሚታዘዘው የድርቡሽ ጦር በመተማ ሲጋጠሙ፣ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ገና ለዓለም ሕዝብ አልታየም ነበር። የሉሚዬር ወንድማማቾች በፓሪስ ከተማ ሲኒማን ለሕዝብ ያሳዩት በታኅሣሥ ወር 1888 ዓ.ም. ማለትም ከመተማው ጦርነት ሰባት ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። በመሆኑም የመተማን ውጊያ ያየ የፊልም መሣሪያ አልነበረም። ይሁን እንጂ ቆርጦ መቀጠል የሚባለው ጥበብ፣ ይኸውም ከብዙ ክንውኖች መካከል አንዳንዱን መርጦ፣ ሌላውን ጥሎ፣ የቀረውን በቅደም ተከተል አሰካክቶ ለተመልካች የማቅረቡ ሥራ፣ በመተማ ታሪክ ላይ ከሲኒማ በፊት ሲሠራበት የቆየ ነው።

ለዚህ አባባል ማስረጃው ሩቅ አይደለም። የመተማን ታሪክ የሚተርክ ሰው በመጀመሪያ ከየት እንደሚጀምር መወሰን አለበት። ከጥር 1880 ዓ.ም. ቢጀምር፣ በሐምዳን አቡ ዓንጃ የሚመራው ጦር ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውኃ ላይ ድል አድርጎ፣ ጎንደር ገብቶ፣ አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥል ይታያል፤ የንጉሠ ነገሥቱም ዘመቻ የተደፈረ አገርን የመካስ ዘመቻ ይሆናል። ከ1876ቱ የአድዋ ውል ቢጀምር ግን ሌላ ገጽታ ይወጣል። በዚያ ውል መሠረት ኢትዮጵያ፣ በድርቡሽ የተከበበው የግብጽ ጦር ከምሽጎቹ ወጥቶ በምጽዋ በኩል እንዲያልፍ ለመርዳት ተስማማች፤ ከምሽጎቹም አንዱ በዚሁ በመተማ አካባቢ የነበረው ነው። እንዲህ ሲታይ ጦርነቱ እንግሊዝና ግብጽ ጥለውት የሄዱት ጣጣ ያመጣው መዘዝ ይመስላል። አንድም ክንውን አልተለወጠም፤ የተለወጠው የመጀመሪያው ቁራጭ ብቻ ነው።

የፍጻሜውም ነገር እንደዚሁ ነው። የኢትዮጵያ ሠራዊት ምሽጉን ጥሶ ድል ሊያደርግ ሲቃረብ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቆስለው ወደ ድንኳናቸው ተወሰዱ፤ በማግስቱም አረፉ፤ ሠራዊቱም ወደ ኋላ ተመለሰ። ተረኩ እዚህ ላይ ሲቆም ንጉሡ ለሃይማኖታቸውና ለአገራቸው የተሠዉ ሰማዕት ናቸው። ድርቡሾች ደግሞ ወደ ኋላ የሚመለሰውን ሠራዊት ተከታትለው አስከሬኑን ስለ ማረኩና ራሱን ቆርጠው ወደ ኦምዱርማን ስለ ላኩ፣ የእነርሱ ተረክ የሚያበቃው በኸሊፋው አደባባይ፣ በድል በዓል ነው። ስሙ እንኳ አንድ አይደለም። በዚህ ወገን የመተማ ጦርነት የተባለው በዚያ ወገን የገላባት ጦርነት ይባላል።

የኢትዮጵያ ሠዓልያን የጦርነት ሥዕል ሲሠሩ ይህን የመምረጥ ሥልጣን የሚገልጹበት የታወቀ ደንብ ነበራቸው። በባህላዊው የአሣሣል ሥርዓት ጻድቁና የወገን ጦረኛ ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይኑ ሲታይ፣ ጠላትና ኃጢአተኛ በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ ይሣላል። በአንድ ሸራ ላይም የዘመቻው መነሻ፣ የውጊያው መካከልና ፍጻሜው ጎን ለጎን ሊቀርቡ ይችላሉ፤ ተመልካቹ ዓይኑን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያሻግር ታሪኩን ራሱ ይቀጥለዋል። ስለዚህ ሲኒማ ወደ አገሪቱ ሲገባ መሣሪያው እንግዳ ይሁን እንጂ፣ ሥዕልን በሥዕል እያያያዙ መተረክ እንግዳ አልነበረም።

የፊልም ቅንብር በጀመረበት ዘመን መሣሪያው መቀስና ማጣበቂያ ነበር። ቀንባሪው ጥቅሉን በብርሃን ፊት ዘርግቶ፣ የሚፈልገውን ቦታ ቆርጦ፣ ከሌላ ቁራጭ ጋር ያጣብቃል። እ.ኤ.አ. በ1924 ኢዋን ሰሩሪዬ ሞቪዮላ የተባለውን መሣሪያ ከሠራ ወዲህ ቀንባሪው እየቆረጠ ሳለ ምስሉን ሲንቀሳቀስ ለማየት ቻለ። ከዚህ በፊት ግን ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ የቅንብርን ምሥጢር ያሳየ ሙከራ አድርጎ ነበር። የአንድን ተዋናይ ያልተለወጠ ፊት አንድ ጊዜ ከሾርባ፣ አንድ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን አጠገብ ቢቀጥለው፣ ተመልካቹ በመጀመሪያው ረኃብን፣ በሁለተኛው ኀዘንን ያነብበት ነበር። እንግዲህ ትርጉሙ ያለው በቁራጩ ውስጥ ሳይሆን በሁለቱ ቁራጮች መጋጠሚያ ላይ ነው ማለት ነው።

ኢትዮጵያ ይህን እውነት በራሷ ደም አይታዋለች። በ1928ቱ የኢጣልያ ወረራ ጊዜ የሉቼ ተቋም ካሜራዎች ከወራሪው ጦር ጋር ዘምተው ነበር፤ ከዚያም የተገኘው የጀግኖች ጉዞ የሚል ትርጉም ያለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1936 ወጣ። በእርሱ ውስጥ ጦርነቱ የመንገድ፣ የድልድይ፣ የስንቅና የመኪና ሥራ ሆኖ ይታያል። በዚያው ዓመት የሶቪየት ካሜራ ሠራተኞች በኢትዮጵያ ወገን ሆነው ያነሡት አቢሲኒያ የተባለ ፊልም ቀረበ፤ በዚህኛው ደግሞ በአውሮፕላን ቦምብ የተመታ ሕዝብ ይታያል። ጦርነቱ አንድ፣ ዓመቱ አንድ፣ ቅንብሩ ግን ሁለት ሆነ።

ከቅንብር ተቆርጦ የመውደቅ ዕጣ መተማን በነፃነቱ ዘመቻም አግኝቷታል። የ1933ቱ ዘመቻ ሲተረክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማ ከሰቀሉበት ዕለት ነው። ሆኖም ከዚያ ሁለት ወር ተኩል አስቀድሞ፣ በጥቅምት ወር መጨረሻ፣ በዊሊያም ስሊም የሚመራው 10ኛው የሕንድ ብርጌድ በገላባት ምሽግ ላይ አደጋ ጥሎ፣ ምሽጉን ይዞ፣ መተማን ለመያዝ ግን ሳይችል በአየር ድብደባ ብዛት ለማፈግፈግ ተገድዶ ነበር። ድል ያልሆነ ውጊያ ለመክፈቻ ትዕይንት አይመችም፤ ስለዚህም ከተረኩ ይወድቃል።

በአገር ውስጥ የቅንብር ኃይል በገሃድ የታየው ግን በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረኃብ ያዘጋጀው ፊልም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታይቶ ዓለምን አስደንግጦ ነበር። ደርግ ይህን ፊልም አስመጥቶ፣ የተራበውን ሕዝብ ምስል ከቤተ መንግሥት ግብርና ድግስ ምስሎች ጋር እያፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በማግስቱ ጠዋት ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ዙፋኑን የጣለው ፊልሙ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ወራት የፈጀው እንቅስቃሴ ሥራውን ቀድሞ ጨርሶ ነበር። ነገር ግን በዚያ ምሽት የታዩት ምስሎች፣ የረኃቡም ሆነ የድግሱ፣ ለየብቻቸው እውነተኞች ነበሩ፤ ፍርዱን የሰጠው የሁለቱ መጋጠሚያ ነው። የኩሌሾቭ ሙከራ በአንድ አገር ዕጣ ላይ ተፈጸመ።

ቅንብር ለሥልጣን ብቻ ሳይሆን ለእውነትም ሊያገለግል እንደሚችል ያሳየው የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ያገኘው ጤዛ የተባለው ፊልሙ፣ በውጭ አገር ተምሮ በጣና አካባቢ ወዳለው የትውልድ መንደሩ የተመለሰ ሰውን ታሪክ ይተርካል። ታሪኩ ግን በተርታ አይሄድም፤ መንደሩ፣ አዲስ አበባና ጀርመን፣ ልጅነትና ጎልማሳነት እየተቆራረጡ ይመላለሳሉ። የሰውየው ትዝታ የተሰበረ በመሆኑ ቅንብሩም የተሰበረ ሆኖ ቀረበ። ተመልካቹ ቁርጥራጩን ራሱ እንዲገጥም ተጋብዟል እንጂ የተገጠመ ፍርድ አልተሰጠውም።

የመሣሪያውም ታሪክ በዚህ መካከል ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1956 አምፔክስ የቪዲዮ ቴፕን፣ በ1971 ሲ.ኤም.ኤክስ. በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ቅንብርን፣ በ1989 አቪድ፣ በ1991 ደግሞ ፕሪሚየር በጠረጴዛ ኮምፒዩተር የሚሠራ ቅንብርን አመጡ። ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ፍጥነቱ አይደለም። በመቀሱ ዘመን ቁራጭ ከወለል ላይ ከወደቀ ሊጠፋ ይችል ነበር፤ በኮምፒዩተር ግን የተጣለው ሳይጠፋ ይቀመጣል፤ ሲፈለግም ተመልሶ ይገባል። ዛሬ ይኸው መሣሪያ በእጅ ስልክ ውስጥ አለ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ በመተማ በኩል ድንበሩን የተሻገረው ስደተኛ ስልክ ካለው በመቀሱ ዘመን አንድ የፊልም ድርጅት ያልነበረውን መሣሪያ በኪሱ ይዞ ነው የተሻገረው።

የምስል ቅንብር በሸራና በመጋረጃ ብቻም አልቆመም፤ በመሬት ላይም ተዘርግቷል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1955 በካሊፎርኒያ የተከፈተው ዲዝኒላንድ በአብዛኛው የተነደፈው በፊልም ቤት ባለሙያዎች ነበር፤ ጎብኚው ከአንዱ ትዕይንት ወደ ሌላው እንደ ፊልም እየተሸጋገረ እንዲራመድ መንገዱን አበጁለት። ይህ ጥበብ ወደ ኮምፒዩተር ጨዋታ ገብቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 እንደ ወጣው ሮለርኮስተር ታይኩን ባሉ ጨዋታዎች ተራው ሰው በምናቡ የመዝናኛ መናፈሻ ይነድፋል። ዛሬ ወጣቶች በበይነ መረብ በወዳጅነት ይወዳደሩበታል፤ ንድፉንም በተቀነባበረ ቪዲዮ ያቀርባሉ። ዳኛው መናፈሻውን የሚያየው ቀንባሪው ባሳየው መንገድ ብቻ ስለሆነ፣ መልካም ንድፍ በመጥፎ ቅንብር ሊሸነፍ ይችላል። በኢትዮጵያም በመስከረም 2012 ዓ.ም. የአንድነት ፓርክ በቀድሞው ቤተ መንግሥት ግቢ ሲከፈት፣ ታሪክን በእግር እየተራመዱ የማየቱ ሐሳብ መሬት ይዟል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥያቄው ወደ መተማ ይመለሳል። መተማን የሚያስታውስ ሥፍራ ይነደፍ፣ ወይም ፊልም ይቀናበር ቢባል ከየት ይጀመራል? በሁለቱም ወገን ተረክ ውስጥ ተቆርጦ የቀረ አንድ ቁራጭ አለ፤ እርሱም ገበያው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ ሥፍራ የነበሩት የተክሩር ሼኮች ለኢትዮጵያም ለግብጽም ግብር እየከፈሉ ገበያውን ያቆሙ ነበር። የደጋው ቡና፣ ሰምና ከብት ወደዚያ ይወርዳል፤ ጥጡና የውጭው ሸቀጥ ወደዚህ ይወጣል። በዚሁ ገበያ ሰውም በባርነት ይሸጥ ነበርና፣ ይህም ቁራጭ ሊጣል አይገባውም። ጦርነቱ በዚህ ገበያ ላይ ወርዶ አለፈ፤ መተማና ገላባት ግን ዛሬም በአንድ ደረቅ ወንዝ ተለያይተው ይተያያሉ፤ ቆላው ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ማብቀሉን አልተወም።

የንጉሠ ነገሥቱን መሠዋት ከመካከሉ ማውጣት የሚገባ አይደለም፤ ከተማዪቱም መተማ ዮሐንስ ተብላ በስማቸው ትጠራለች። ይሁን እንጂ ተረኩ ከጥይቱ ጀምሮ በጥይቱ ቢያበቃ፣ በወንዙ ማዶ ያለው ሰው ለዘለዓለም በአንድ ዓይን እንደ ተሣለ ይቀራል፤ በዚያኛውም ወገን ሥዕል የዚህኛው ሰው እንዲሁ። ዛሬ ቦምብ ሸሽቶ የሚሻገረው ሱዳናዊ ሙሉ ፊት ያለው ሰው ነው፤ ተቀብሎ የሚያስተናግደውም ቆለኛ እንዲሁ። የአዲሱ መሣሪያ ትልቁ ስጦታ የተጣለውን ቁራጭ መልሶ ለማስገባት መፍቀዱ ከሆነ፣ በመተማ ታሪክ ላይ በመጀመሪያ መመለስ የሚገባው ቁራጭ ይህ ሁለቱን ሕዝቦች ሲያገናኝ የኖረው ገበያ ነው።