የመረጃ ጥልፍ

«የውሂብ ምስላዊነት» የሚል ሐረግ በሥልጠና ማስታወቂያዎችና በማሽን ትርጉሞች ላይ ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል። ሊጠራ የተፈለገው «ዳታ ቪዥዋላይዜሽን» የሚባለው ሙያ ነው፤ ቁጥር የሚያበጥረው፣ ቀለምና ቅርጽ የሚመርጠውና ሥርዓቱን የሚዘረጋው መሐንዲስ ተጣምረው፣ አንዳንዴም አንድ ሰው ሦስቱንም ሆኖ፣ የቁጥር ክምርን በዐይን እንዲነበብ የሚያደርጉበት። ሙያውን አንባቢ በካርታና በግራፍ መልኩ ስለሚያውቀው እሱን አላብራራም። ስሙ ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። «ውሂብ» ከግእዙ ወሀበ፣ ማለትም ሰጠ ከሚለው የተቀዳ ነው። የላቲኑ «ዳቱም» «የተሰጠ» ማለት ስለሆነ ያንኑ በግእዝ ደገሙት። ብልሃቱን ሊቅ ያደንቀው ይሆናል፤ አማርኛ ተናጋሪ ግን ስለ መረጃ ሲያወራ መስጠት ትዝ ብሎት አያውቅም። «ምስላዊነት» ደግሞ የባሰ ነው። እንደ ደግነትና ቅንነት ሁሉ ጠባይን ይሰይማል እንጂ ሥራውንም የሥራውን ውጤትም አይነግረንም። አንድ ሰው «ምስላዊነት ሠራሁ» ቢል ምን ሠራ እንላለን? (ማስመሰልም ከዚሁ ከመሰለ መውጣቱን ልብ ይሏል። ለመጥፎ ካርታ ስም ከተፈለገ እሱ ሳይሻል አይቀርም።)

ሙያው ቆቦና አላማጣ ላሉበት ለራያ እንግዳ ቢመስልም ታሪኩ እዚያው ደጃፍ ላይ ያልፋል። ከ1965 እና 66ቱ የወሎ ረሃብ በኋላ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ከቆቦ ሰሜን፣ ከአላማጣ ሽቅብ ያለችው ኮረም በረሃብ ተመትታ በዓለም ቴሌቪዥን ከታየች በኋላ አሜሪካኖች ዛሬ ፊውስ ኔት የሚባለውን የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ መረብ በ1985 እ.ኤ.አ. ዘረጉ። የዝናብ መጠን፣ ከሳተላይት የሚታይ የዕፅዋት ልምላሜና የእህል ገበያ ዋጋ ተሰብስበው፣ ከቢጫ ወደ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ወደ ቀይና ጥቁር ቀይ በሚከር ቀለም ካርታ ላይ ይወጣሉ። ቀለሙ የቱ ጋ ይለወጥ፣ ድንበሩ በየት ይለፍ፣ የቱ ቁጥር ይግባ፣ የቱ ይቅር የሚለውን የሚወስነው ሰው ነው። የጎሊና ወንዝ ጎርፍ የሚደርሰው ማሳና በዞብል ተራራ ግርጌ ያለው ደረቅ መሬት በአንድ ቀለም ከተቀቡ፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከአዲስ አበባም ከዋሽንግተንም አይታይም። እንግዲህ የምንፈልገው ስም ይህን የመምረጥና የመምራት ሥራ መያዝ አለበት።

እኔ የምመርጠው «የመረጃ ጥልፍ» የሚለውን ነው። ምክንያቴም ጠለፈ የሚለው ግስ ሦስቱንም ሙያ አስቀድሞ ይዞ መገኘቱ ነው። ቀሚስ ይጠለፋል፤ ይህ የነዳፊው ነው። ስልክና መልእክት ይጠለፋል፤ ይህ የመረጃ ሰው ድርሻ ነው። ወንዝ ይጠለፋል፤ ይህ የመሐንዲሱ ነው። የመጨረሻውን ቆቦ ላይ ቆሞ ማየት ይቻላል። ክረምት ላይ ከምዕራቡ ተራራ ድንገት የሚወርደውን ጎርፍ ገበሬው በድንጋይ፣ በአፈርና በቅርንጫፍ ክትር ሠርቶ፣ ከወንዙ አውጥቶ በቦይ ወደ ማሽላው ይመራዋል። ጎርፉን ሁሉ አይፈልገውም፤ ሁሉን ቢለቀው አፈሩም ደገሊት የሚባለው ማሽላም ተያይዘው ይሄዳሉ። ማሳው የሚችለውን ያህል፣ በሚፈለገው ሰዓትና አቅጣጫ ይወስዳል፤ የቀረው ይለፍ። ቁጥርን ወደ ዐይን የሚያመጣ ሰው የሚሠራውም ይኸው ነው።

ተፎካካሪ ስሞች የሉም አይባልም። «የመረጃ ንድፍ» ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን ንድፍ ቀድሞ ተይዟል። ዕቅዱም፣ ረቂቁም፣ የቤቱም ፕላን ንድፍ ነው፤ «የመረጃ ንድፍ» ሲባል አንባቢ የሚያስበው መዝገቡ እንዴት እንደሚደራጅ ነው። ደግሞ ጥጥ የሚነደፈው ከመፈተሉ በፊት ነው፤ ጥልፍ የሚመጣው ልብሱ ከተሸመነ በኋላ። «የመረጃ ቅመራ»ም ሊታሰብ ይችላል። ቀመር በባሕረ ሐሳብ የተከበረ ቃል ነው፤ ንዑስ ቀመር 19፣ ማዕከላዊ ቀመር 76፣ ዐቢይ ቀመር 532 ዓመት ነው። በግእዝ የሕንፃ ቅስትም ቀመር ይባላል፤ ስለዚህ ስሌቱንም ምህንድስናውንም አሟልቷል። የጎደለው ዐይን ብቻ ነው፤ ለዚህ ሙያ ግን ጉድለቱ ትልቅ ነው።

«ቪዥዋላይዜሽን» ብለን ብንተወውስ? ባዕድ ቃል መዋስ ነውር የለበትም። ምህንድስና ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ዐረብኛም መለኪያ የሚለውን ቃል ከፋርስ ወስዶ ነው ያበጀው። ልዩነቱ ምህንድስና ወደ አማርኛ ገብቶ የአማርኛ ቅርጽ መያዙ ነው፤ «ቪዥዋላይዝ አደረገ» ግን እስከ ዛሬ በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ጠለፈ፣ ተጠለፈ፣ አስጠለፈ፣ ጥልፍ፣ መጥለፊያ ይላል አንድ ሥር። ለሶፍትዌሩ «መጥለፊያ» ማለት ምን ይከለክላል? ሥራው ሲበላሽ እንኳ ስም አለው፦ ጥልፍልፍ። «ዳታ» የሚለው ብቻ እንዳለ ይቆይ የሚሉም አሉ፤ ሆኖም «ዳታዬ አለቀ» የሚል ሕዝብ ዳታን ለኢንተርኔት ጥቅል ሰጥቶታል። መረጃና ዳታ አንድ አይደሉም ለሚል ባለሙያ ደግሞ «ጥሬ መረጃ» የሚለው አለ፤ ጥልፉ የሚሠራው ከእሱ ነው።

ጥልፍ ጌጥ ብቻ ነው የሚለው ትችት ብዙም አያስቸግርም። የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁሩ ደብልዩ ኢ ቢ ዱቦይስ ከአትላንታ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ጋር የጥቁር አሜሪካውያንን ኑሮ በእጅ በተቀለሙ ሠንጠረዦች አሳይቶ ፓሪስ ላይ በ1900 እ.ኤ.አ. ሲያቀርብ፣ ውበቱ ክርክሩን የተሸከመ ነበር። ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ጠለፋ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በጽኑ እስራት የሚቀጣውን የሴት ልጅ ጠለፋ የሚያስታውስ ሰው በቃሉ ቢሰቀጥጠው አይፈረድበትም። ቋንቋው ግን ራሱ ለያይቶታል፤ ወንጀሉ ጠለፋ፣ የእጅ ሥራው ጥልፍ። ነደፈም የንብ ነው፤ ዕቅድ ነዳፊን የሚሸሽ ግን አላየንም። በሠሪው ስም ላይ ግን እሸነፋለሁ። «መረጃ ጠላፊ» የሚለውን የወንጀል ዜና ወስዶታል፤ ማስመለስም አይቻልም። «የመረጃ ጥልፍ ባለሙያ» ማለት ይኖርብናል፤ ይረዝማል፣ በንግግርም ይከብዳል፤ አጠር ያለ እስኪገኝ ግን በእሱ እንሥራ።