ስለ መምሰልና ስለ መጻተኝነት፤ ከማጂ ታሪክ የተወሰደ ምሳሌ

ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት በ12ኛው ምዕራፍ ምእመናን የዚህን ዓለም ልማድ እንዳይመስሉ ይከለክላል፤ ወደ ኤፌሶን ሰዎች በላከውም በ2ኛው ምዕራፍ ከአሕዛብ የመጡት መጻተኝነታቸው ቀርቶ የእግዚአብሔር ቤተ ሰዎች እንደ ሆኑ ያስተምራል። ሁለቱ ቃላት በአንድነት ሲተረጐሙ፥ ክፉ ልማድን የሚመስል ሰው ወንድሙን መጻተኛ ያደርገዋል ማለት ነው። ለዚህም የማጂ አገር ምስክር ነው።

ታሪክ፤ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በ1889 ዓ.ም. ከፋን ከወጉ በኋላ፥ በ1890 ዓ.ም. ያን ጊዜ ሩዶልፍ፥ ዛሬ ቱርካና ወደሚባለው ሐይቅ ዘመቱ። በዚያ ወራት የዲዚ ሕዝብ የሚኖርበት የማጂ ደጋ ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግዛት ተጨመረ። ለሰፈረውም ወታደር ደመወዝ በገንዘብ አይከፈለውም ነበርና በደመወዙ ፈንታ ገባር ተቈጠረለት። ገባሩ ያርሳል፥ እንጨት ይፈልጣል፥ ቤት ይሠራል፥ ሸክም ይሸከማል፤ ሚስቱም እህል ትፈጫለች። የአገሩ ሹማምንት ባላባት ተብለው በገባሩና በነፍጠኛው መካከል ቆሙ። በዚህ ላይ የዝሆን ጥርስ፥ የጠመንጃና የባሪያ ንግድ ተጨመረበት፤ ግብሩን መክፈል የተሳነው ሰው ልጆቹን እስከ ማጣት ደረሰ። ብዙው ሰው አለቀ፥ ብዙውም ሸሸ፤ እርሻውም ጠፍ ሆነ።

ሐተታ፤ ፍትሐ ነገሥት ነፃነት የፍጥረት ሕግ እንደ ሆነ፥ ባርነት ግን ከጦርነት ልማድ እንደ መጣ ይናገራል፤ ሰው ግን የፊተኛውን ትቶ የኋለኛውን ያዘ። ወታደሩ የተጠመቀና የሚጾም ሰው ነበር፤ ነገር ግን ጎረቤቱ ሁሉ ሲያደርግ አይቶ እርሱም አደረገ። ብዙዎች በአንድነት የሠሩት ኃጢአት ኃጢአት አይመስልምና።

አንድም፤ ከአገሩ ሰዎች አንዳንዱ ስሙንና ልብሱን ለወጠ፥ ተጠመቀም፤ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲወጣ ግን ያው ገባር ነበር። መልኩ ሲቀርብ ልቡ ራቀ። ፍቅር የሌለበት መምሰል ቤተ ሰው አያደርግም።

መንግሥት በ1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆኖ በዚያው ዓመት ባሮች በየደረጃው ነፃ የሚወጡበትን ሕግ አወጣ፤ ማጂ ግን ከመናገሻው ከተማ ሩቅ ስለ ነበረች ልማዱ ሕጉን አሸነፈው። ከዚህ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ ተሻረ፤ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የባለ ርስትና የጭሰኛ ሥርዓት ቀረ።

ሕግ እጅን ያስራል፤ ልብን ግን አይለውጥም። ሐዋርያው ልብ እንዲታደስ ማዘዙም ስለዚህ ነው። አንድነት ማለት ደካማው የኃያሉን መልክ መልበስ ሳይሆን ሁለቱም ክርስቶስን መምሰል ነው። እንግዲህ ካህንም ሹምም የሆነ ሁሉ ሕዝቡ ምን ያህል እንደ መሰለው አይቍጠር፤ በገዛ አገሩ እንደ እንግዳ በደጅ ቆሞ የቀረ ማን እንደ ሆነ ይመርምር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።