ሆለታ ገነት እስከ የት ነው? የታሪክ ቦታ ወሰን የሚከለልበትና የሚቀየርበት መንገድ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ስትሄዱ ሆለታን ታልፋላችሁ። እዚያ ያለው «ገነት» መጀመሪያ የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ነበር። በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች የሚመራ የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተበት። ዓመት ሳይሞላ ጣሊያን ወረረን፤ ትምህርታቸውን ያልጨረሱት ዕጩ መኮንኖች ጣርማ በር ድረስ ዘመቱ። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ወደ ወለጋ የወጡት ደግሞ ነቀምት ላይ ጥቁር አንበሳን ከመሠረቱት መካከል ናቸው።

እንዲህ ያለ ቦታ «ቅርስ ነው» ሲባል ቤቱ ብቻ ነው ወይስ ልጆቹ የሰለጠኑበት ሜዳም? የወሰን ጥያቄ ማለት ይሄ ነው።

የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መልስ አለው። የማይንቀሳቀሱ ቅርሶች በብዛት የሚገኙበትን ቦታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚኒስትሩ አቅራቢነት የተከለለ ቦታ ሊያደርገው ይችላል፤ ውሳኔውም በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይገኝ ቤት መሥራት፣ መንገድ ማውጣት፣ መሬት መቆፈር አይቻልም። ስለዚህ መስመሩ አንድ ሜትር ወዲህ ወይ ወዲያ ሲል የአንዱ ሰው ጓሮ ሕጉ ውስጥ ይገባል ወይ ይወጣል ማለት ነው።

በጦር ሜዳ ጥበቃ ብዙ የተከራከሩት አሜሪካኖች ናቸው። ጌቲስበርግ ላይ የኤሌክትሪክ ባቡር ኩባንያ በጦር ሜዳው ሐዲድ ሲዘረጋ መንግሥት መሬቱን ልውሰድ አለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1896 የጦር ሜዳን መጠበቅ የሕዝብ ጥቅም ነው ብሎ ፈረደለት። እዚያ ወሰን የሚሰፋው ኮንግረሱ ሕግ ሲያወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጨመረው አንድ የባቡር ጣቢያና 45 ኤከር መሬት ብቻ ነበር፤ ለዚያችም ሕግ ወጥቶላታል!

በእኛ አገር ትልቁ ትምህርት የጦር ሜዳ ሳይሆን የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሲከለል 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ። ወሰኑ ሲስተካከል መንደሮችና እርሻዎች ወጡ፣ እነ ስልኪና ራስ ዳሸን ተጨመሩ፤ ስፋቱም 412 ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከመዝገቡ ወጣ። በዚህ መሀል ግን ከጊች መንደር ከ400 በላይ አባወራዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ይሄን ብዙዎቹ ዜናዎች በአንድ መስመር ነው ያለፉት።

ለእኛ ለምዕራብ ሸዋ ሰዎች «ወሰን ሊስተካከል ነው» የሚለው ወሬ ቀላል አይደለም። በ2006 አምቦ የተነሳው በማስተር ፕላኑ ነው። በኅዳር 2008 ጊንጪ የተነሳው የትምህርት ቤት ኳስ ሜዳና የጭልሞ ደን መሬት ለባለሀብት ሊሰጥ ነው ተብሎ ነው።

እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ከሰማችሁ ካርታውን ጠይቁ። አሮጌውና አዲሱ መስመር ጎን ለጎን ይታይ፤ በየትኛው ወንዝና መንገድ እንደሚያልፍ ይነገር፤ በነጋሪት ጋዜጣ ወጥቶ እንደሆነ ቁጥሩ ይጠየቅ። ይዞታው የሚነካ ሰው ካለ ደግሞ የካሳው አዋጅ 1161/2011 ነው፤ እሱን ይዞ ይሂድ።