በፖስታ የሚሄድ ደም

አዳማ ስትነሳ ሰው ሙቀቷንና የፍጥነት መንገዱን ያስታውሳል። የላቦራቶሪ ታሪኳን ሲያነሳ የሰማሁት ሰው የለም። እስቲ ዛሬ እሱን እናውራ።

እዚያው አጠገቧ ወንጂ ላይ፣ የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1997 የስኳር ፋብሪካውን ሠራተኞች በምርመራ መከታተል ጀምሮ ነበር። ላቦራቶሪው ግን አዲስ አበባ ነው። እርጥብ ደም ደግሞ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ መኪና ይፈልጋል፣ ሰዓት ይቆጥራል። ምርምር ፕሮጀክት ይህን ይችላል፤ የመቂ ጤና ጣቢያ ከየት ያመጣዋል?

ጉዳዩ የሚከፋው ሕፃናት ላይ ነው። ቫይረሱ በደሟ ካለ እናት የተወለደ ልጅ የእሷን ፀረ እንግዳ አካል ይዞ ስለሚወለድ፣ የተለመደው ፈጣን ምርመራ እስከ 18 ወር ሊያሳስት ይችላል። ቫይረሱን ራሱን በፒሲአር መፈለግ የግድ ነው። 18 ወር ይጠበቅ እንዳይባል፣ ተይዘው ሕክምና ካላገኙት ሕፃናት ግማሽ ያህሉ 2 ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ።

መላው የተገኘው ከወረቀት ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ጉትሪ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ የአራስ ልጅን የተረከዝ ደም በማጣሪያ ወረቀት አድርቆ፣ በዘር የሚተላለፍ በሽታ መረመረበት። ኤችአይቪ የታወቀው ከዚያ 20 ዓመት ቆይቶ ነው። አሠራሩ ዛሬም ያው ነው፦ ተረከዝ ይወጋል፣ ወረቀቱ ላይ ያሉት 5 ክቦች በደም ይሞላሉ፣ ከፀሐይ ርቆ ለሰዓታት ይደርቃል፣ ከእርጥበት መምጠጫ ጋር በፕላስቲክ ይታሸጋል። በረዶ አያስፈልገውም። የመተሐራን ሙቀት የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

የታሸገውን ማን ያደርሰዋል? ከአድራሾቹ አንዱ የኢትዮጵያ ፖስታ ነው! ደብዳቤ ቀረ ብለን የረሳነው ፖስታ ቤት፣ የሕፃናት ደም ወደ ላቦራቶሪ ሲያመላልስ ኖሯል። ምርመራውን ከሚሠሩት ላቦራቶሪዎች አንዱም አዳማ ነው።

ቅሬታዬ መልሱ ላይ ነው። ናሙናው የሚወሰደው በ6ኛው ሳምንት፣ ልጁ ለክትባት ሲመጣ ነው። በ2008 የታተመ የደቡብ አፍሪካ ጥናት ደግሞ ሕክምናን ወዲያው መጀመር የሕፃናቱን ሞት በ76 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። እንዲህ እያንዳንዷ ሳምንት በምትቆጠርበት ጉዳይ፣ መሄጃውን የለፋንበትን ያህል መመለሻውን አልለፋንበትም። «ውጤቱ ገና አልመጣም» ተብላ ልጇን አዝላ የምትመለስ እናት በሚቀጥለው ቀጠሮ ላትመጣ ትችላለች። የትራንስፖርቱ ብር የላትማ!

አሁን በዚያው ቀን ውጤት የሚሰጡ ትንንሽ ማሽኖች መጥተዋል፤ እሰየው። ማሽኑ ባልደረሰበት ጤና ጣቢያ ግን ነርሷ ዛሬም ወረቀቱ እስኪደርቅ ትጠብቃለች።