ጉልበትና ፍጥነት፦ ሞተር በነገሌ ቦረና መንገድ

በጥር 1928 ዓ.ም. በጄኔራል ግራዚያኒ የሚመራው የኢጣሊያ ጦር በካሚዮንና በብረት ለበስ ተሽከርካሪ ከዶሎ ተነሥቶ፣ ወደ 380 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ቆላ አቋርጦ ነገሌ ቦረናን ያዘ። የራስ ደስታ ዳምጠው ሠራዊት በአብዛኛው እግረኛ ነበር፤ የተበለጠውም በጀግንነት ሳይሆን በአውሮፕላን፣ በስንቅና በመጓጓዣ ነው።

ከነፃነት በኋላ ያው መሣሪያ የንግድ አገልጋይ ሆነ። በ1960ዎቹ «ኤንትሬ» የተባለው የፊያት የጭነት መኪና፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተሩን ይዞ በአገሪቱ መንገዶች ተሰማራ። የዚህ ሞተር ጠባይ በከፊል የሚወሰነው በካምሻፍቱ ነው። ካምሻፍት ኮሎው ሁለት ጊዜ ሲዞር አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ቫልቮላዎች የሚከፈቱበትንና የሚዘጉበትን ጊዜም ይወስናል። ለስፖርት መኪና የሚገጠመው ካምሻፍት ቫልቮላውን ከፍ አድርጎ ለረዘመ ጊዜ ስለሚከፍት በከፍተኛ ዙር ኃይል ይጨምራል፤ በዝቅተኛ ዙር ግን የመጎተት ጉልበትን ይቀንሳል። የጭነት መኪና ካምሻፍት በአንጻሩ ለዝግተኛ ዙር የተቀረጸ ነው።

ስለዚህ አሸዋና አቀበት በበዛበት አገር የሞተር ብቃት የሚለካው በፍጥነቱ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ለዚያ ሠራዊት የጎደለው ስንቅና ጥይትን በጊዜው የሚያደርስ ጉልበት ነበር።