ወረኢሉ፦ የክተቱ አስተናጋጅ

ስለ ዓድዋ ስናወራ ወረኢሉ የምትነሳው አንዴ ብቻ ነው። አፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ፣ የሸዋ ዘማች እስከ ጥቅምት እኩሌታ እዚያ እንዲደርስ አዘዙ። ከዚያ ወሬያችን ዘሎ አምባላጌ ይገባል። እኔን እንደ ሐኪም የማይለቀኝ ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ ያን ሁሉ ሰው ማን አበላው?

ወረኢሉ ከደሴ በስተደቡብ ያለች ደገኛ ከተማ ናት። በስሟ ውስጥ ያለው «ወረ» እንደ ወረባቦና ወረሂመኖ ሁሉ ከኦሮምኛ የመጣ ሲሆን፣ የእገሌ ቤተሰብ፣ የእገሌ ወገን እንደ ማለት ነው። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የጦር ሰፈር አድርገዋት ስለነበር፣ ወደ ሰሜን ለሚወጣ ጦር መንገዱም መሰብሰቢያውም የታወቀ ነበር። ጥቅምት 2 ከአዲስ አበባ ተነስተው በዚያው ወር ወረኢሉ ገቡ።

ጊዜውን ልብ በሉ። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ የአገሪቱን ከብት ጨርሶት ነበር ማለት ይቻላል። በሬ ሲያልቅ እርሻው ቆመ፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት። ክፉ ቀን የተባለው ያ ረሃብ ካበቃ ገና ጥቂት ዓመታት ነበሩ። በ1881 የተወለደ ሕፃን ከተረፈ፣ ጦሩ ሲሰፍር የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ጥቅምት ደግሞ በደጋው እሸት የሚታይበት እንጂ ጎተራ የሚሞላበት ወር አይደለም።

ዘማቹ በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውን፣ ቋንጣውን ይዞ መጥቷል። ግን ውኃው፣ ማገዶው፣ የፈረሱና የበቅሎው ሣር ያው ከአካባቢው ነው። ስንቁ ያለቀበትም ዓይኑን የሚጥለው የገበሬው ቤት ላይ ነው። ስለ ድሉ ስንኮራ ይህንን ወጪ የከፈለውን ገበሬና እህሉን የፈጨችውን ሴት መቁጠር ያለብን ይመስለኛል።

እኛ ሐኪሞች ታሪክ መጠየቅ ሥራችን ነው። ከወረኢሉ፣ ከጃማ፣ ከለጋምቦ፣ ከቦረና የወጣችሁ የትምህርት ጓደኞቼ፣ ለበዓል አገር ቤት ስትገቡ ሽማግሌዎቹን ጠይቁልኝ፦ ጦሩ የሰፈረው የት ነበር? ውኃ የቀዳው ከየትኛው ምንጭ ነው? የቤታችሁ እህልስ ምን ሆነ? መምህሮቻችንም የወሎና የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻችሁን ይዛችሁ ተማሪዎች ድምፅ እንዲቀዱ ብታደርጉ መልካም ነው። ከአያቶቻቸው የሰሙት ሰዎች ዛሬ አርጅተዋል፤ የሚቀጥለውን የመገናኛ ዓመት ባንጠብቅ ይሻላል።