ጣት እንደገና ሲማር

ሰዉ በአጭሩ «ኮሜርስ» የሚለው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። ጣሊያን ከወጣ ገና ሁለት ዓመቱ። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ሒሳብ ያዥና ጸሐፊ ይፈልግ ነበርና እዚያ ግቢ የሚሠለጥነው ጭንቅላት ብቻ አልነበረም፤ ጣትም ጭምር እንጂ። ጽሕፈት መኪና በወጉ የተማረ ሰው ዓይኑ ከወረቀቱ ላይ አይነሳም። እያንዳንዱ ጣት የየራሱ ርስት አለው፤ የሌላውን ድንበር አይገፋም። አንጓም ከፍ ብሎ ይያዛል።

የአማርኛው መኪና ደግሞ ይብስ ነበር። ፊደላችን ከ230 በላይ፣ የመኪናው ቁልፍ ሃምሳ ያህል… ታዲያ እንዴት ይሁን? ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ ሰዎች የደከሙበት ጥያቄ ይኸው ነው። በየቢሮው የገባው መኪና መልሱ ፊደሉን መቁረጥና መቀጠል ሆነ። «ሉ» ለመጻፍ «ለ»ን ትመታላችሁ፣ ከዚያ ጎኑ ላይ ሰረዝ ትለጥፋላችሁ። ፊደሉ ትንሽ ወልገድገድ ቢልም ደብዳቤው ይወጣል። ያን ሁሉ ቅጥል በጣታቸው የሸመደዱ ሰዎች ናቸው የአገሪቱን መዝገብ የሞሉት። መቼም ሹሙን እንጂ ጸሐፊውን ማን ያነሳል!

ቀጥሎ ኮምፒዩተር መጣ። የግዕዝ ሶፍትዌር ሠሪው ሁሉ ቁልፉን እንደየስሜቱ ደረደረው፤ አንዱ የጽሕፈት መኪናውን አቀማመጥ ሲከተል ሌላው በላቲን ድምፅ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ፊደላችንን ሲያካትት ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ሰጠ እንጂ ቁልፉ የት ይሁን የሚለውን አልነካም። ጣት እንደገና ትምህርት ቤት ገባ።

አሁን ተራው የላፕቶፕ ነው፤ ያውም የታች ፓዱ። አፕል እ.ኤ.አ. በ1994 በፓወርቡክ 500 ላይ ይዞት ሲመጣ ቀድሞ የነበረችውን የምትሽከረከር ኳስ ተክቶ ነው። ሳህኑ ላይ ስስ የኤሌክትሪክ መስክ አለ፤ ጣት ሲጠጋው ይዛባል፣ ማሽኑም ያንን ያነባል። ስለዚህ ጉልበት አይፈልግም፣ መነካት ብቻ። ይሁን ብለን ስንለምደው እዚያው አፕል እ.ኤ.አ. በ2008 ከሥሩ የነበረውን ቁልፍ አነሳው፤ በ2011 ደግሞ የገጹን አካሄድ ገለበጠው። ጣት ወደ ታች ሲሄድ የገጹ ታችኛው ክፍል ይመጣ የነበረው፣ አሁን ጣት ወደ ላይ ካልሄደ አይመጣም። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ በአንዳንዶቹ ላይ ሳህኑ ጭራሽ አይሰምጥም፤ ከሥሩ እየተንቀጠቀጠ «ተጫንኩ» ብሎ ጣትን ይሸነግላል እንጂ! ለማን ሲባል እንደሆነ እኔ እንጃ።

ይኼ ለኔ ቢጤው ብስጭት ብቻ ነው። በገጽ ለሚከፈለው ግን እንጀራ ነው። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ የሚጽፉ፣ ስድሳ የተጠጉ፣ የጽሕፈት መኪና ዘመን ሴት አሉ። የቤቱ ባለቤት የድሮውን ኮምፒዩተር ሸጦ ላፕቶፕ ሲያመጣ ጠቋሚዋ ቀስት አልታዘዝ አለቻቸው። የጎረቤቱ ፎቶ ኮፒ ልጅ፣

«እትዬ፣ ቀስ ብለው ይንኩት እንጂ አይምቱት!» ይላቸዋል።

«ልጄ፣ እኔን ያስተማሩኝ መምታት ነው» አሉት።

የሚገርመው ግን ልጁ ራሱ ሲጽፍ መዳፉን ሳህኑ ላይ ያሳርፋል፤ ከርሰሩ ይዘልና የተከሳሹ ስም የከሳሹ አንቀጽ ውስጥ ገብቶ ይገኛል። እሳቸው ዘንድ ይህ የለም። ለምን? አንጓቸው እንደ ድሮው ከፍ ብሎ ስለሚያዝ። አንዱ ልማድ ሲጎዳቸው ሌላው ጠበቃቸው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ዕውቀት የሚቆጥርላቸው የለም፤ ቀርፋፋ ናቸው ተባለ እንጂ።

ያን ሳምንት የወትሯቸውን ግማሽ ያህል ገጽ ነው የጻፉት፤ የተከፈላቸውም እሱኑ። በሁለተኛው ሳምንት ማውስ ሰክተው፣ ልጁ ታች ፓዱን ዘግቶላቸው ሥራቸውን ቀጠሉ። ማውሱን የገዙት ከኪሳቸው ነው።